የአባባ ኖር

አባባን ከቢቸና ነቅዬ ሞጣ እኔ ቤት ያመጣኋቸው ከጠያቂ ላስመልጣቸው ብዬ ነበር። የቤታቸውን ቆርቆሮ ሊጠግኑ ጣሪያ ላይ ወጥተው ወደቁና አከርካሪያቸው ተጎዳ። ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡም ከወገባቸው በታች አልታዘዝ እንዳላቸው ነበር። ቢቸና ደግሞ የታመመ ሰው ቤት በሩ አይዘጋም። ሞጣ ሲሆን ሰው ይቀንሳል አልኩ። የት ይቀንሳል። መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቁጥር ግማሽ ቢቸና ዳቦውንና አረቄውን ይዞ ከሚኒባስ ይወርዳል።

ጠያቂው ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ያቃጠሉኝ አባባ ራሳቸው ናቸው። የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት በደንብ አድርጋ ነግራናለች፤ ቀኑን ዊልቸሩ ላይ ተቀምጠው ይዋሉ፣ በየመሃሉ የእጅ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ተጭነው መቀመጫቸውን ከፍ ያድርጉ፣ ከፍ እንዳሉም ትንሽ ይቆዩ። ክንዳቸው ሲጠነክር ከአልጋ ወደ ወንበር ራሳቸው ይሻገራሉ። እምቢ ካሉ ግን ገላቸው ይቆስላል፤ አንዴ ከቆሰለ ደግሞ ለወራት በሆድ መተኛት ነው። ወገባቸው ሥር ደግሞ ቀላ ያለ ቦታ አይቻለሁ።

አባባ ታዲያ የግቢው በር ኳ ባለ ቁጥር "አስተኙኝ" ይላሉ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ ቤት ይውላል። ሥራውን ጥሎ ይመጣና ተጋግዘን እናስተኛቸዋለን። ጠያቂው ያለቅሳል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። መልሰን እናስቀምጣቸዋለን። ወዲያው በሩ ደግሞ ኳ ይላል። የባለቤቴ ወገብ ሊቆረጥ ደረሰ፤ የቀላው ቦታም እየሰፋ ሄደ። "መደገፊያውን ይጫኑ እንጂ" ስላቸው "ነገ" ይሉኛል። በዊልቸሩ ያፈሩ መስሎኝ ስነዘንዛቸው ከረምኩ።

አንድ ቀን በሩ ሲንኳኳ አላስተኛም ብዬ ቆምኩ።

"ምንድን ነው ግን አባባ? ለሰው አልጋ ላይ መታየት ይሻላል?"

"የተኛ ሰው ባይነሳ ማንም አይቀየምም" አሉ። "ተቀምጬ ሰው ሲገባ ሳልነሳ ግን ምን ልባል ነው?"

"እግርዎ እንደማይሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል እኮ።"

"እነሱ ይወቁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለገባ ሰው ስነሳ ኖሬ፣ ዛሬ ተጎልቼ አልቀበልም።"

ለካ ነገሩ ይኼ ነው። ገላቸው ሊቆስል ደርሶ እሳቸው የሚጨነቁት ስለ ኖር ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ ኖር ማለትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በልጅነቴ ሳልነሳ ቀርቼ ጆሮዬን ተቆንጥጫለሁ። ያን ቀን ግን ያን ወግ ጠቅልዬ ዓባይ ብከተው ደስ ባለኝ።

በሳምንቱ የነፍስ አባታቸው ከቢቸና ሳይታሰብ መጡ። ባለቤቴ ክር ሊገዛ ገበያ ወጥቷል፤ እኔ ብቻዬን አልችላቸውም። አባባ የቄሱን ድምፅ ከውጭ ሲሰሙ ክንዴን ጨምድደው "አስተኚኝ እንጂ" አሉኝ። "በምን ጉልበቴ?" አልኳቸው። ቄሱ ጎንበስ ብለው ገቡ። አባባ ክንዴን ለቀቁ። ሁለቱን መደገፊያዎች ጨበጡ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ መቀመጫቸው ከወንበሩ ተላቀቀ።

"ኖር አባቴ።"

"በእግዜር፣ በእግዜር። ኧረ ይቀመጡ" አሉ ቄሱ።

አባባ ግን ቄሱ እስኪቀመጡ ድረስ አልወረዱም። እኔ ስለምናቸው ከርሜ "ነገ" የተባልኩት ነገር ለእንግዳ ሲሆን ወዲያው ተቻለ። ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም።

ከዚያ ወዲህ ለመጣው ሁሉ ይነሳሉ። አሁን ደግሞ ጠቤ ከጠያቂው ጋር ሆነ። ገና መደገፊያውን ሲጫኑ "በሞቴ፣ አይነሱ" እያለ ትከሻቸውን ይዞ ቁጭ ያደርጋቸዋል። "እባካችሁ ተዉአቸው" እያልኩ እጨቃጨቃለሁ። አክስቴ "ጨካኝ" ብላኝ ተቀይማ ሄዳለች። ትቀየም። የቀላው ቦታ እየደበዘዘ ነው።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋና ሰው መምጣት አቆመ። ልሸሸው ስለፋ የከረምኩት ጠያቂ ሲጠፋ ጨነቀኝ፤ ለማን ሊነሱ ነው? አንድ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ ዛሬም "ነገ" ሊሉኝ ነው ብዬ ለጭቅጭቅ ተዘጋጅቼ በሩን ገፋሁት። ባለቤቴ በጓሮ ክፍል እየሰፋ ነው። አባባ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አዩኝና ሁለቱን መደገፊያዎች ጨበጡ። ተነሱ።

"ኖር" አሉኝ።

አባት ለልጁ አይነሳም። በእግዜር፣ ይቀመጡ ማለት ነበረብኝ። ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። የገባው ሰው ሳይቀመጥ እንደማይወርዱ አውቃለሁ። ከፍ እንዳሉ ትንሽ ይቆዩ ብዬ፣ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ በሩ ላይ ቆምኩ።