የይቤን መቀነት የያዝህ ልጅ

አንተ ኮሜንት ላይ ያለኸው፣ እንዴት "ሟርት አትለጥፍ" ትለኛለህ? ሟርት ቢሆንማ በምን እድሌ! ይቤ ሞቷል። ጠዋት ሲደወልልኝ እኔም ቀልድ መስሎኝ ሰድቤ ነው የዘጋሁት። ከዚያ ሆስፒታል ሄድሁ። አየሁት። በቃ።

ኩላሊቱን እንደሚያመው እናውቃለን። ግን ይቤ እኮ ነው! ተነስቶ የሚስቅብን ነበር የመሰለን።

ደክሞኛል ጓዶች። ሰው ሳረዳ ነው የዋልሁት።

ለማታውቁት፣ እሁድ እሁድ ሐይቁ ዳር ስፒከር ይዘን የምንጨፍረው ልጆች አለቃ እሱ ነው። እኔም በትከሻ ባሕር ዳር ላይ የሚችለኝ የለም፣ እሱ ግን ይለያል። ሬጌ የያዘው ጊዜ ያችን ባለሦስት ቀለም ሹራብ ኮፍያ በጠራራ ፀሐይ አያወልቅም። ሂፕሃፕ ሲይዘው ደግሞ ሁለት ሰው የሚያስገባ ጅንስ፣ አንገቱ ላይ ሰንሰለት። አባቱ መሪጌታ "ይሄ ልጅ በየዓመቱ ሃይማኖት ይቀይራል" ይሉ ነበር።

አንዴ መራዊ ሰርግ ሄድን። ሱሪው ሲንሸራተት አንዲት እናት ጠሩት።

"ልጄ፣ ቀበቶ የለህም?"

"እማማ፣ ሂፕሃፕ ነው።"

"ታዲያ ሂፕሃፕ ቀበቶ ይከለክላል?"

የራሳቸውን መቀነት ፈተው ወገቡን ጥፍር አርገው አሰሩት። ድንኳኑ በሳቅ ሞተ። እሱ በዚያው እስክስታውን ሲያወርደው ሙሽራው ራሱ ተነሳ። ሴትዮዋም "ላንተ ትሁን" አሉት።

ከዚያ ወዲህ በጅንስ ላይ መቀነት ሆነ ፋሽኑ። እኛም ቀዳነው። ዛሬ ከተማው ውስጥ እንደዚያ ታጥቆ የሚንጎራደድ ሁሉ ከኛ ነው የወሰደው፣ የሚከራከረኝ ይምጣ። ይቤ ለመጨፈር ያፈረ ሰው ካየ መቀነቷን ፈትቶ ያስታጥቀዋል፦ "መጀመሪያ ታጠቅ፣ ዜማው ይመጣል።"

ነገ ለቅሶው ላይ ልብሱ ተይዞ ይለቀሳል። ጥቁር ሱፉን አውጥቼ ለመሪጌታ አሳየኋቸው። "ይሄን መቼ ለበሰው? ያችን መቀነቱን አምጡልኝ" አሉኝ። እሳቸው! በሷ ስንቴ የተቆጡት ሰው።

የለችም። ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት፣ የመጨረሻዋ እሁድ፣ ሐይቁ ዳር ለአንዱ አስታጥቆ ነው የሄደው። ፊቱን አላየሁትም።

ይቤ ወንድሜ፣ ትከሻዬ ዝሏል። ነገ ታጥቄ እመጣለሁ፣ ዜማው ግን አይምጣ፣ አልፈልገውም። ደህና ሁን የኔ ጌታ።

አንተ መቀነቷን የያዝህ፣ ከቀብሩ በፊት ለአባቱ ትድረስ። የት ነህ? አሁኑኑ መልስ!