ቅጠል የታተመበት ድንጋይ

የሰው ዘር ቀደምት አያቶች በምን ዓይነት ደን ውስጥ እንደኖሩ ለማወቅ፣ ድንጋይ ላይ የታተመ የጥንት ቅጠል ስፈልግ ሦስት ዓመት ተንከራትቻለሁ። በመጨረሻ ከመካነ ሰላም ከተማ በታች ካለ ገደል አገኘሁት። መሣሪያ ይዤ ስመለስ ግን ድንጋዩ ለቤት ግንባታ ተፈልጦ ተወስዷል።

ቤቱን አፈላልጌ ደረስኩ። እትዬ ዘይነባ የሚባሉ እናት ወጡ።

«ቅጠል የመሰለውን ቆሻሻ ግንበኛው ጠርቦ አነሳልን፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ደንግጠው «አብሽር፣ አንዱን ሳላስነካ አስቀርቼዋለሁ» ብለው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ድንጋዩ ቆሟል፤ የቅጠሉ ጅማት ሳይቀር ይታያል። ላነሳው ስል እጄን ያዙኝ።

«ቤቱን ያሠራችው ሴት ልጄ ናት። ለሥራ በሄደችበት ሪያድ ሞታ እዚያው ቀበሯት። መቃብሯን ማየት ስለማልችል ይህን አቆምኩላት።»