ቅቤ የተቀባው እንሽላሊት

አስመራ ነጻነት በገባ ሰሞን እኅቴ ከሜዳ፣ ከትግሉ ተመለሰች፤ በእግሯ ሽዳ የሚሉት የታጋይ ላስቲክ ጫማ፣ በእጇ ክዳኑ በሚስማር የተበሳ የዱቄት ወተት ጣሳ። እናቴ ለዚያች ቀን ስትሳልና ስትጾም ነበር የኖረችው። ልጇን ልታቅፍ ስትሮጥ ግን ልጅቱ ‹‹ቀስ! ጣሳውን!›› አለቻት። ጣሳው ውስጥ እንሽላሊት ነበር። እዚያው በር ላይ እኅቴንም እንሽላሊቱንም ጠመድኳቸው።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው ጽሕፈት የተማርኩት በአማርኛ ስለሆነ ነው። እኅቴ ስለማታነበውም ነው።

እንሽላሊቱ ጣቶቹ መስተዋት ላይ ሳይቀር የሚጣበቁ፣ አምፖል ሥር ትንኝ የሚለቅም የቆላ እንሽላሊት ነው። ምጽዋ በታጋዮች ከተያዘች ጀምሮ እሷ በነበረችበት ክፍል አብሯት ኖሯል። ምኑን እንደወደደችው ጠየቅኳት።

‹‹ጥያቄ አያበዛም›› አለችኝ።

ገጀረት ሰፈር ውስጥ ከአንድ ቪላ ጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎቻችን ሦስት ሴቶችና አንድ እንሽላሊት ሆነን ተቀመጥን። እናቴ አልጋዋን ለቀቀችላት፤ መሬት ላይ ተኛች። ቀሚስ አሰፋችላት፤ አልለበሰችውም። እኔን ደግሞ ‹‹እኛ ስንሞት አንቺ የደርግን ደመወዝ ስትበዪ›› ትለኛለች። በዚያ ደመወዝ የምትበላው እናቷ ነበረች። ይህን ነግሬያታለሁ፤ ጮኼ ነው የነገርኳት።

በጥቅምት ብርድ እንሽላሊቱ ቆዳውን መቀየር ጀመረ። ምጽዋ ላይ ወበቁ ያግዘዋል፤ የአስመራ አየር ግን ደረቅ ነው። አሮጌው ቆዳ ግማሹ ተላጠ፤ ግማሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተጣብቆ ቀረ። ጣቶቹን ጠፍሮ ስለያዛቸው አበጡ፤ መብላትም አቆመ። ስንት ጓድ የቀበረች ሴት ለእንሽላሊት ጣት ዐይኗ እንባ ሞላ። ለእናቷ አልሞላም ነበር።

በዚያው ሰሞን ለሥራ ወደ ከረን ላኳት። ጣሳውን እየቀፈፋት ለእኔ ሰጠችኝ።

‹‹ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ አርጥበሽ አንጥፊለት። ቆዳው ሲለሰልስ በጥጥ ጥረጊው። እንዳትጎትቺ፣ ጣቱ አብሮ ይመጣል።››

‹‹ትእዛዝ ነው?››

‹‹ትእዛዝ መቀበልማ ለምደሻል፤ ከእነዚያ ስትቀበዪ አይደል የኖርሽው?››

ያለችውን ሁሉ አደረግሁ። በፍቅር አይደለም፤ ሞቶ ብታገኘው ዕድሜ ልኬን ‹‹ገደልሽው›› እንዳትለኝ ነው። ጠዋትና ማታ ሻሂ ሲፈላ ትንሽ ውሃ እቀንሳለሁ፣ ጨርቁን እለውጣለሁ፣ እነዚያን የማይረቡ ጣቶች አንድ በአንድ እጠርጋለሁ። አንድ ቀን ዝንብ ዋጠ። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም ተናደድኩ።

እኅቴ በምትመለስበት ቀን ከሥራ ስገባ እንሽላሊቱ ከጣሳው ወጥቷል። ግድግዳውን ሊወጣ ይሞክራል፣ ይንሸራተታል፣ በጀርባው ይወድቃል። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ያብለጨልጫል። ቤቱ በለጋ ቅቤ ሽታ ታፍኗል።

‹‹ደርቆ አሳዘነኝ፤ ቀባሁት ጓለይ፣ ልጄ›› አለች እናቴ።

ለደረቀ ነገር ሁሉ የእናቴ መድኃኒት ቅቤ ነው፤ ለራስም ለተሰነጠቀ ተረከዝም። የማጥቢያ ውሃ አሙቄ ሳልጨርስ በሩ ተከፈተና እኅቴ ገባች። አየችው።

‹‹ማን ነው ይህን ያደረገ?››

‹‹እኔ›› አለች እናቴ።

‹‹ማን ንኪው አለሽ? ያንቺ ነው እንዴ?››

እናቴ ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

‹‹ያንቺ የሆነ ሁሉ የኔ አይደለም? ከመጣሽ ጀምሮ ራስሽን ልቀባሽ ብዬ ስንቴ ለመንኩሽ? ይህን ሁሉ ዓመት በረሓ ለብልቧት ልጄ መጣች ብዬ ቅቤ አኖርኩ። ኣይፋልን፣ ኣይፋልን! ሁልጊዜ ኣይፋልን፣ አይሆንም! እሱስ ዝም ብሎ ተቀባልኝ።››

እኅቴ መጥታ እናቴ ጉልበት ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ሻሿን ፈትታ አጎነበሰች። እናቴ ቅቤውን ዛቀችና መሐል አናቷ ላይ አደረገችው። ሁለቱም አለቀሱ።

እኔ ጓዳው በር ላይ እንሽላሊት አጥብ ነበር። ያንን ቅቤ ከገበያ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ‹‹ልጅሽ የት ናት?›› እያሉ እናቴን ቀበሌ ባመላለሷት ጊዜ አብሬያት የተመላለስኩት እኔ ነኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ ይሁን። ግን ‹‹ነይ፣ አንቺም ተቀመጪ›› ማለት ምን ይከብዳል?

ቅቤው ቆዳውን አለስልሶት ኖሯል፤ በዚህ እንኳ እናቴ ልክ ሆነች። የመጨረሻው ልጣጭ በጥጡ ሲላቀቅ ጣቱ አልተቆረጠም።

‹‹ዳነ›› አልኳቸው።

ማንም ቀና አላለም።