ዩሜና የሰባት ሰከንዱ መስመር

ዩሜ ለመንጃ ፈቃድ ስትፈተን ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ዛሬም ከወደቀች ባሏ ቲየንፉ ሞተር ብስክሌቱን ቅዳሜ ለወንድሙ ልጅ ይሸጥለታል። እሱ ራሱ ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ መንዳት ትቷል። እሷ ደግሞ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ከኋላው ተፈናጣ የኮሌታውን እድፍ ስታይ የኖረች ሴት ናት። አሁን የፊቱ ወንበር ባዶ ሲሆን ሞተሩ ይሸጥ? በጭራሽ አይሆንም።

ብስክሌትማ ማን ይችላታል! ቶፉ የሚሉት ትኩስ የአኩሪ አተር አይብ የሞላ ባልዲ ከኋላ ጭና፣ በሉካንግ ገበያ ግርግር መሃል እግሯ መሬት ሳይነካ ስትሹለከለክ ነው የሚያውቋት። ግን ብስክሌት ያስለመዳት ሁሉ ለሞተር አልሆነም። በመጀመሪያው ፈተና መሪውን እንደ ብስክሌቷ ጭምድድ አድርጋ ስትይዝ ነዳጅ መስጫውን ጠመዘዘችውና አጥሩ ሥር ተገኘች። በሁለተኛው ዜብራው ጋ ስትደርስ፣ እንደ ልማዷ፣ ወርዳ ሞተሩን እየገፋች ተሻገረች።

"እማማ፣ ዛሬስ አይወርዱም አይደል?" አላት ወጣቱ ፈታኝ።

"ቂጤን በማስቲሽ አጣብቄ ነው የመጣሁት፣ ልጄ።"

መጀመሪያ ቀጭኑ መስመር ነው። ከሰባት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የጨረሰ ይወድቃል፤ እግሩን መሬት ያስነካም ይወድቃል። ከፊቷ የነበረው ደረተ ሰፊ ጎረምሳ በአራት ሰከንድ ተወርውሮ ወጣ። ዩሜ ገባች። ሰባት ሰከንድ አለፈ፤ አሥር አለፈ፤ እሷ ገና ግማሽ ላይ ናት፤ ሞተሩ ዝንፍ አይልም።

"እማማ፣ ምሳ ሰዓት ደረሰ እኮ።"

"ቶፉ ይፈሳላ፣ ልጄ።"

በአሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ወጣች። ዜብራው ጋ ስትቆም ቀኝ እግሯ ልውረድ ልውረድ አላት። ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

ቲየንፉ በር ላይ ይጠብቃታል። "ወደቅሽ አይደል?"

"ና ውጣ፣ ከኋላ።"

ሰውዬው ከኋላ ተቀምጦ ስለማያውቅ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ጉልበቱ ላይ አደረገው፣ ኮርቻውን ያዘ፣ መጨረሻ ላይ እያፈረ ወገቧን አቀፈ። ነፋሱ ፊቷን ሲመታት ዩሜ ደስታው አላስችል ብሏት ብቻዋን ትስቅ ጀመር።

"በይ ለወንድሜ ልጅ ደውዪለት" አላት ከኋላ፤ "ቅዳሜ እንዳይመጣ።"

"አንተ ደውልለት" አለችው። "እኔ እየነዳሁ ነው።"