ከሽልንግ ያልወፈረ ባትሪ

ሰው የሚሠራውን ነገር ካላወቅኩ ምግብ አይበላልኝም። አመሌ ነው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ፋንቱ፣ አንቺ ፖሊስ ብትሆኚ ኖሮ ናይሮቢ ሌባ አይኖራትም ነበር» ይለኝ ነበር። ስለዚህ የሥራ ጎረቤቴ አድነው፣ ከገና በዓል ማግስት፣ በጨው የተበጠበጠ ውኃ በሻይ ማንኪያ ቀድቶ፣ የሱሪውን ወገብ ገለጥ አድርጎ ወደ ውስጥ ጠብ ሲያደርግ ባየሁት ጊዜ ዝም እላለሁ ብሎ የሚያስብ ካለ አያውቀኝም ማለት ነው።

ዘመኑ ሚሌኒየማችን ሊገባ ስምንት ወር ሲቀረው ነው። ሁለታችንም የምንሠራው ሉቱሊ ጎዳና፣ እዚህ አገር «ኤግዚቢሽን» በሚሉት ቤት ውስጥ ነው፤ አንዱን ሱቅ በጣውላ ሸንሽነው ለአሥር ነጋዴ ያከራዩታል። እኔ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እሸጣለሁ። አድነው ስልክ ይጠግናል። በደርግ ጊዜ የሠራዊቱ የሬዲዮ መገናኛ ጠጋኝ ነበር፤ በሰማንያ ሦስት ከሚስቱ ከሚዛን ጋር በሞያሌ ወጥቶ እዚህ ቀረ። ሚዛን ኪሊማኒ ባለ የአበሻ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ናት። አድነው ጨዋ፣ ቃል ቆጣቢ ሰው ነው፤ ከእሱ ወሬ ማውጣት ከድንጋይ ውኃ እንደ መጭመቅ ነው።

ማንኪያውን ሲያስቀምጥ ከወገቡ አካባቢ «ትርርር» የሚል ነገር ተሰማኝ።

«አድነው፣ ምን እየሆንክ ነው?»

«ምንም፣ እትዬ።»

«ምንም በጨው አይታሽም። ንገረኝ።»

እስከ ምሳ ሰዓት ታገሠኝ። ከዚያ በሩ ላይ ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ ነገረኝ።

ጉዳዩ የልጁ የኪያ ነው። ኪያ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ከአምስት መቶ አራት መቶ አሥራ ሁለት አምጥታ፣ ከናይሮቢ ውጭ ካለ ስመ ጥር የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት የመግቢያ ደብዳቤ መጥቶላታል። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ቤት ጎረቤቱን ጠርቶ ይደግሳል። ኪያ ግን ደብዳቤውን አጣጥፋ፣ ካሳራኒ ሰፈራችን ያለው የቀን ትምህርት ቤት ይበቃኛል አለች። ምክንያቱን ከአባትና ከእናቷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ልጅቷ እስካሁን አልጋዋ ላይ ትሸናለች። ሐኪም አይቷት ጤነኛ ናት፣ ጊዜ ይፈታዋል ብሏል። ጊዜው ግን በየካቲት መባቻ ሊያልቅ ነው። አዳሪ ቤቱ ውስጥ አርባ ሴት ልጆች በአንድ አዳራሽ፣ በተደራራቢ አልጋ ይተኛሉ።

ፈረንጆቹ ለዚህ የሚሆን ደወል እንዳላቸው አድነው ሳይበር ካፌ ገብቶ አንብቧል። ደወሉ ግን አርባውንም ልጅ ይቀሰቅሳል። እሱ የፈለገው እሷን ብቻ ነዝሮ የሚያስነሣ ነው። ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ሰፍቷል፤ እርጥበት ሲነካቸው ይገናኙና፣ ከሞተ ስልክ የወጣች ባቄላ የምታክል ሞተር ትንዘፈዘፋለች። ሁሉም ነገር ከመሳቢያው ተገኘ። ባትሪው ብቻ ጠፋ። አሁን የሚሞክርበት የስልክ ባትሪ ወፍራም ነው፤ ስትተኛ ይቆረቁራታል፣ ስትለብስ ያስታውቅባታል። የሰዓት ባትሪ ደግሞ ካለቀ አለቀ፤ ተመልሶ አይሞላም። አዳሪ ቤት ቻርጀር ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ፣ አባትየው በወላጅ መጎብኛ ቀን የተሞላውን ሰጥቷት ያለቀውን ሊወስድ ነው ያሰበው።

«ከዚህ መብለጥ የለበትም» ብሎ የአንድ ሽልንግ ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ያዘንኩት ለልጅቷ ነው፤ ቀጥሎ ግን ጉጉቱ ያዘኝ። እንዲህ ያለ ቀጭን ባትሪ በዚህች ከተማ የት ይገኛል? ሳንቲሟን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተነሣሁ። ሪቨር ሮድ አንድ ህንዳዊ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ፤ የሚሞሉ ክብ ባትሪዎች አወጡልኝ፣ በሳንቲሜ ለካሁት፣ ሦስት እጥፍ ሆኑ። ሒሳብ መሥሪያ ማሽን አስፈታሁ። ስትከፈት የምትዘፍን የልደት ካርድ ገዝቼ ቀደድኳት፤ የደረት ቁልፍ የመሰለች የማትሞላ ነገር ወጣች። ሻጩ «ማማ፣ ዘፈኑ አላስደሰተሽም?» አለኝ። ስልክ ሻጭ ሆኜ ስንት ዓመት፣ የምሸጠው ነገር ሆድ ውስጥ ምን እንዳለ አለማወቄ አሳፈረኝ።

ሠርክ የምትባል ልብስ ነጋዴ ወዳጄ በዚያ ሰሞን ወደ ቻይና፣ ጓንዡ ልትበር ነበር። ሳንቲሟን አሳይቼ፣ ይህን የማይበልጥ የሚሞላ ባትሪ ፈልጊልኝ አልኳት። ለምን ስትለኝ፣ ለአዲስ ዓይነት የስልክ ሽፋን ነው ብዬ ዋሸሁ። ከዋሸሁት ውሸት ሁሉ በእሱ አልጸጸትም።

አድነው ግን ሠርክ እስክትመለስ መጠበቅ አልቻለም። አንድ የብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ ከፍቶ ከውስጡ ብልጭልጭ ከረጢት የመሰለች ባትሪ አወጣ። ትንሽ ትወፍራለች፤ ግን ትሞላለች። ልጁ ላይ ከማድረጉ በፊት ራሱ ወገብ ላይ አጣብቆ ሊፈትናት ወሰነ። እንዲያ አድርጎም ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የካሳራኒ ማታቱ፣ የዚህ አገር ሚኒባስ፣ ተሳፈረ።

ባትሪዋ አሮጌ ኖራ መንገድ ላይ አበጠች። ወገቡ ሲግል ሸሚዙን ገልቦ ሊነቅላት ሲጣደፍ፣ አጠገቡ የተቀመጠች ሴትዮ ሽቦውን አየች። በዚህ ከተማ፣ መሃል ከተማው ላይ የፈነዳውን የኤምባሲ ቦምብ ሰው ገና ሳይረሳ፣ ወገቡ ላይ ሽቦ ያሰረ የውጭ አገር ሰው! «ቦምብ!» አለች። ረዳቱ ጣራውን ደበደበ፣ ማታቱው ቆመ፣ ሰው በመስኮት ዘለለ። አድነው ባትሪዋን መንገድ ላይ ጥሎ፣ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ፖሊስ ኪሱ ውስጥ የሱቄን ካርድ አግኝቶ ደወለልኝ። ስደርስ አድነው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ያ የሰፋው ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ስድስት ፖሊሶች ከብበውታል። አንዲት ኢንስፔክተር በእርሳስ ጫፍ እየነካካች «ሂ ኒ ኒኒ?» ትላለች፤ ይህ ምንድን ነው ማለቷ ነው። አድነው ጫማውን ያያል። እንደገና ትጠይቃለች፣ እንደገና ጫማውን ያያል። ይህ ሰው ዝም ብሎ ሊታሰር ነው ብዬ አፌን ከፈትኩ። አየኝ። እንዲህ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም፤ አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ ተነሥቶ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ።

«የእኔ ነው» አለ በስዋሂሊ። «ሌሊት አልጋዬ ላይ እሸናለሁ። እንዲቀሰቅሰኝ የሠራሁት ነው።»

አንዱ ፖሊስ ጠረጴዛውን በጥፊ መታ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኢንስፔክተሯ ግን አልሳቀችም። ሲሠራ አሳየኝ አለችው። ከባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኝቶ፣ ጨው የነካ ውኃ ጠብ ሲያደርግበት ሞተሯ ጠረጴዛው ላይ ተንዘፈዘፈች። «ፖሌ፣ ባባ» አለችው፣ አይዞህ እንደማለት፤ ጨርቁንም አጣጥፋ በእጁ ሰጠችው።

መንገድ ላይ ትከሻውን መታ አደረግኩት። «አንተ፣ እንዲህ ያለ ውሸት ከየት አመጣኸው?»

«ውሸት አይደለም፣ እትዬ። አሁን ቀረ እንጂ።»

በአሥራ አራት ዓመቱ ደሴ አጎቱ ቤት ለትምህርት ልከውት ነበር። ከአጎቱ ልጆች ጋር አንድ መደብ ላይ ይተኛል። እንቅልፍ እንዳይወስደው ጎኑ ሥር ጠጠር እያደረገ ይተኛ ነበር፤ ቀን ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። በሦስተኛው ወር የአጎቱ ልጆች ዘፈን አወጡበት። ለማንም ሳይናገር በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። ሕመሙ ግን በአሥራ ስድስት ዓመቱ ያለ መድኃኒት ራሱ ተወው።

«ሚዛን ታውቃለች?»

«ማንም አያውቅም። አንቺና ፖሊስ ብቻ።»

ሠርክ በሳምንቱ መጣች። የጓንዡ ነጋዴዎች ከሺህ በታች አንሸጥም ብለዋት፣ ለናሙና ነው ብላ ስድስት ተቀብላ፣ እያንዳንዱን ለብቻ ጠቅልላ በእጅ ቦርሳዋ ይዛ ነው የመጣችው። የማስቲካ ወረቀት የሚያህሉ፣ ብርማ፣ ለስላሳ ነገሮች ናቸው። ሳንቲሜን አወጣሁ። እኩል ሆኑ! ሱቅ ውስጥ እልል ስል ደንበኞች ዞረው አዩኝ። አድነው በሦስት ቀን ሠርቶ ጨረሰ፤ አምስት ቀን ራሱ ታጥቆት ዋለ፣ ታጥቆት አደረ፤ አልጋለ፣ አላበጠ። ከሸሚዙ ሥር እኔ እንኳ እያወቅኩ አላየሁትም።

ማክሰኞ ዕለት ግን ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«እምቢ አለች» አለኝ። «ጨርቁን አጣጥፋ መለሰችልኝ። 'ዳዲ፣ አንተ ሃው ኢት ፊልስ አታውቅም፤ ማንም አያውቅም። ሲታኪ ቦርዲንግ፣ አልሄድም' አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ምን እላታለሁ? ጨርቁን ተቀብያት ወጣሁ።»

እዚህ ላይ ቱግ አልኩ፤ መቼም ንዴት አይጠፋኝም። «አንተ ሰው!» አልኩት፣ «ለስድስት ፖሊስ የነገርከውን ለልጅህ መንገር አቃተህ? ቻይና ድረስ ባትሪ ስታስፈልግ፣ አፍህ ውስጥ ያለውን መድኃኒት ደብቀህ ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? ደሴን ንገራት!» ከጎናችን ያሉት ኬንያውያን ነጋዴዎች በአማርኛ የሚያጣላን ምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ያዩናል። አድነው የሰው ስልክ እንደ ተፈታ ትቶ፣ ሱቁን ቆልፎ ወጣ።

የሚቀጥለውን የነገረችኝ ኪያ ናት፤ ዛሬ በዚያው አዳሪ ትምህርት ቤት ፎርም ስሪ፣ በእኛ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ደርሳለች። ይህን ሁሉ እንዳወራ የፈቀደችልኝም እሷ ናት። «አንቲ ፋንቱ፣ ንገሪያቸው፤ ሌላም ልጅ ይኖራል» ነው ያለችኝ።

ቤት ገብቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። የደሴውን ሲነግራት አቀርቅራ ሰማችው። ጠጠሩን ሲነግራት ቀና አለች፤ እሷም ለካ ጎኗ ሥር የፀጉር መርፌ ታደርግ ኖሯል። ፖሊሶቹ ጋ ሲደርስ አቋረጠችው።

«ዌት፣ ኦፊሰሮቹ ሁሉ ፊት?»

«ሁሉም ፊት።»

«አንተ ላይ ሳቁብህ? በእኔ ምክንያት?»

«በእኔ ነው የሳቁት። የእኔ ነው ያልኳቸው።»

ሳቀች፤ ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ጨርቁን ከኪሱ አውጥታ ባትሪውን ዳሰሰችው፤ እንዲህ ስስ መሆኑን እስከዚያች ቀን አላስተዋለችም ነበር። ከዚያ፣ መቼም የአባቷ ልጅ አይደለችም፣ አፍ አላት፣ አንድ ነገር ጠየቀችው።

«እማዬስ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው ንገራት። ካልነገርካት አልታጠቀውም።»

ሚዛን የዕረፍት ቀኗ ነበር፤ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ትልጣለች። አድነው በሩ ላይ ቆመ። ኪያ ከኋላው ቆማለች። ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሚዛን፣ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ።»

ሚዛን ቢላዋዋን አላቆመችም። «የደሴው ነው?» አለች።

አድነው የበሩን መቃን ያዘ።

«እናትህ ከሠርጋችን በፊት ነግረውኛል» አለች። «'የልጄ ገመና ነው፤ እሱ እስኪነግርሽ አላውቅም በይ' ብለው አስምለውኛል። ኪያም እንዳንተ ስትሆን ቶሎ ይነግራታል፣ ለእኔም ይነግረኛል ብዬ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ጠበቅኩህ እኮ።»

«ከዚያስ? አባትሽ ምን አለ?» ብዬ ኪያን ጠየቅኳት።

«ምንም» አለችኝ። «በርጩማ ስቦ እማዬ አጠገብ ተቀመጠና ሽንኩርቱን አብሯት መላጥ ጀመረ።»