መርከብ ያልኩት መርከብን ነው

ፖሊሶች ከባጃጅ ያወረዱኝ አሶሳ ገበያው አጠገብ፣ አስተምሬ ወደ ቤቴ ስመለስ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ያገኙት የማስተማሪያ ደብተሬን፣ ሁለት ማርከርና ጥቂት ማንጎ ነበር። ማንጎውን መለሱልኝ።

ያሰሩብኝ ክፍል አራት እርምጃ በሦስት ናት። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል፤ ጥግ ላይ ውሃው የጎደለ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሆሞሻ ወርቅ አጣቢ፣ «ወርቅ ደብቀሃል» ተብሎ የተያዘ። ተጠጋና ቦታ ለቀቀልኝ፤ ማንጎውን ተካፈልን።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ጨዋም ነው። ችግሩ ቅኔ ይወዳል። በቀይ እስክሪብቶ ያሰመረበትን ከደብተሬ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «ከባድ ጭነት የሚያጓጉዘው መርከብ ታንከሮቹን ውሃ ሞልቶ ሆን ብሎ ዝቅ ይላል። ጭነቱ ከበላዩ ሲንሳፈፍ ውሃውን አስወጥቶ ተሸክሞት ይነሣል። ታንከሮቹ ግማሽ ብቻ ሞልተው ከቀሩ ግን ወዲያ ወዲህ የሚናወጠው ውሃ ይገለብጠዋል።»

ቀና አለ። «ማንን ነው የሚገለብጠው?»

«መርከቡን።»

«ሰሙን አልጠየቅኩህም፣ መምህር። ወርቁን ንገረኝ።»

«ወርቅ የለውም። የሚዛን ትምህርት ነው።»

«ባሕር በሌለው አገር? አሶሳ ተቀምጠህ?»

«ጉባ ላይ የተተከለው ትልልቅ ብረት ባሕሩን በምን የተሻገረ ይመስልሃል?»

«አሃ፣ ግድቡም አለበት» ብሎ ጻፈ።

ሦስት ቀን እንዲህ አደረቀኝ። በሦስተኛው ቀን ወረቀት ሰጠኝ፦ «መርከብ ያልኩት መንግሥትን ነው፤ ተጸጽቻለሁ።» ከፈረምኩ ወዲያው እወጣለሁ፤ ካልፈረምኩ መቼ እንደምወጣ አይታወቅም። «እስከ ነገ አስብበት» አለኝ። ግን ከፈረምኩ በኋላ ክፍል ገብቼ የምናገረውን ማን እንደ ቃሉ ይሰማኛል?

ስመለስ ወርቅ አጣቢው ፊቴን አየ።

«አንተም ወርቅ ይጠይቃል?» አለኝ በተሰባበረ አማርኛው።

«አዎ።»

«አለ?»

«የለኝም።»

«እኔም የለም አልኩ። አላመነም።»

ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ የመርከቡን ነገር ከመጀመሪያው ነገርኩት። ጀሪካኑን አንሥቶ ወዘወዘው፤ ውሃው ተንቦጫረቀ።

«ጀሪካን ሙሉ ካልሆነ፣ አህያ ላይ ውሃ ወዲህ ይሄዳል፣ ወዲያ ይሄዳል። አህያ ይወድቃል። ይሄ ነው?»

«ይሄው ነው።»

«ወላሂ፣ ለዚህ ታሰረ?»

አንድ ጀሪካን በቃው! መርማሪው ግን ሦስት ቀን ሙሉ አልገባውም። ንዴቴ እንደ አዲስ ተነሣ።

በማግስቱ መርማሪው እስክሪብቶውን አቀበለኝ። «መንግሥትን» የሚለውን ሰርዤ «መርከብን» ብዬ ጻፍኩበት፤ «ተጸጽቻለሁ»ንም ሰረዝኩ። ከዚያ ፈረምኩ። አንብቦ ወረቀቱን አጠፈና፣ «እልኸኛ ነህ» ብሎ ወደ ክፍሏ መለሰኝ።

ሳምንታት ቆይተው፣ ምንም ሳይሉ ደብተሬን ሰጥተው ለቀቁኝ። ወርቅ አጣቢው እዚያው ቀረ። ስወጣ ጀሪካኑን ሞልቼለት ነበር፤ ሌላ የማደርግለት አልነበረኝም።

ዛሬም በዚያው ደብተር አስተምራለሁ። የጀሪካኑን ምሳሌ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው፣ ከአንድ የሆሞሻ ወርቅ አጣቢ የተማርኩት ነው እላቸዋለሁ። «ይገለብጠዋል» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ድምፄ በራሱ ዝቅ ይላል። ከእስሩ ሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ስለዚህ ቆም እልና፣ የኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማ አድርጌ ደግሜ አነበዋለሁ።