የምሕረቱ መቃብር

በለጥሽ ጆሃንስበርግ፣ አሌክሳንድራ በሚባለው ሰፈር ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ ሱቅ ከፍታ መሥራት ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ከሆሳዕና የተነሳችው ከታናሽ ወንድሟ ከምሕረቱ ጋር ነበር። እሷ ደረሰች፤ እሱ አልደረሰም። ለእናታቸው በስልክ የነገረቻቸው፣ "ታንዛኒያ ላይ በወባ ሞተ። ከባሕሩ አጠገብ ባለች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቀበርነው፤ ፓስተርም ጸለየለት" ብላ ነው። እናትየው በዚያች ጸሎት ተጽናኑ።

ጆሃንስበርግ የተወለደችው የበለጥሽ ልጅ ማራናታም ይህንኑ እየሰማች አደገች። ሥራ በያዘች በሁለተኛው ዓመት ሁለት የአውሮፕላን ቲኬት ይዛ ሱቁ ገባች።

"ማሚ፣ ዛንዚባር ልንሄድ ነው፤ ሆሊደይ። ከደሴቱ ወደ ዋናው የታንዛኒያ ምድር ተሻግረን የአጎቴን መቃብር እናያለን።"

በለጥሽ ዳቦ እየደረደረች ነበር። እምቢ የምትልበት ምክንያት ፈለገች፤ አጣች።

ደሴቲቱ ላይ በሦስተኛው ቀን ማራናታ ለቱሪስቶች ዓሣ በሚያሳይ ጀልባ ይዛት ወደ ባሕር ወጣች። ራቅ ብለው ሲቆሙ ከበለጥሽ በቀር ሁሉም የዋና መነጽር አጥልቀው፣ የመተንፈሻ ቱቦ ነክሰው ገቡ። ማራናታ ጥቂት ቆይታ ብቅ አለች።

"ማሚ ነይ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ይይዝሻል። እስከ ታች ድረስ እኮ ይታያል።"

በለጥሽ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ታለቅሳለች። ልጅቷ ደንግጣ ወጣች።

"አመመሽ?"

"ነገ የትም አንሄድም። መቃብር የለም" አለች በለጥሽ። "ከሞምባሳ ወደ ሞዛምቢክ በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ጫኑን። የምንጠጣው አለቀ። በአራተኛው ቀን ምሕረቱ ሞተ። ደላላው 'ጣሉት' አለን፤ እዚሁ ባሕር ውስጥ ጣልነው። እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።"

"ፓስተሩስ?"

"ማንም አልጸለየለትም። እኔም አፌ ደርቆ ነበር።"

ማራናታ እርጥብ ክንዷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። ሌሎቹ ውሃው ውስጥ ይሳሳቃሉ። በኋላ በለጥሽ መሰላሉን ይዛ እስከ ደረቷ ወረደች። መነጽሩን አልፈለገችም። በሀዲይኛ የወንድሟን ስም ጠርታ ጸለየች፤ አጭር ነበር። ማራናታ ቋንቋውን ባትሰማም "አሜን" አለች።

ጆሃንስበርግ በገቡ ማግስት በለጥሽ ሆሳዕና ደወለች። እናቷ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሟት።

"እኔ እኮ አፈር ለብሷል ብዬ . . ." አሉ። ቀጥለውም፣ "ውሃው ይቀዘቅዛል?" ሲሉ ጠየቁ።

"አይቀዘቅዝም እማዬ፤ ገብቼ አይቼዋለሁ።"

በዚያው ሳምንት ሆሳዕና ውስጥ ለምሕረቱ እንደገና ለቅሶ ተቀመጡ። በለጥሽም ስፓዛዋን ሦስት ቀን ዘጋች። ከሌሎቹ የከተማዋ ሰፈሮች፣ ከጀፕስታውንና ከፎርድስበርግ፣ የአገሯ ሰዎች መጥተው አብረዋት ተቀመጡ። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ጎረቤት በሩ ላይ ማራናታን አገኛትና ማን እንደሞተ በዙሉ ቋንቋ ጠየቃት።

"የእናቴ ወንድም።"

"መቼ?"



"አሁን ነው የሰማነው" አለችው።